ሰበታ በትልቁ ሊግ፦ ሦስት የውድድር ዓመታትና ከኋላቸው ያለው ታሪክ

የ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሲዘጋ ሦስት ክለቦች ከኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ወረዱ፦ ጅማ አባ ጅፋር፣ አዲስ አበባ ከተማ እና ሰበታ ከተማ። ጅማ ከአራት ዓመት በፊት የሊጉን ዋንጫ ያነሳ ክለብ ነው። አዲስ አበባ ከተማ የመዲናዋን ስም ይዞ የሚጫወት ነው። ሰበታ ግን ዋንጫም የመዲና ስምም አልነበረውም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ ካለች ከተማ ተነስቶ ሦስት ዓመት በትልቁ ሊግ ቆየና ተመለሰ።

የኳስ ወዳጅ ይህን ታሪክ በቁንጽሉ ያውቀዋል። አንዱ ውበቱ አባተ ብሔራዊ ቡድኑን ከመያዙ በፊት ሰበታ ላይ እንደነበር ያስታውሳል። ሌላው አብርሃም መብራቱ ብሔራዊ ቡድኑን ለቆ ሰበታ መግባቱን፣ ሌላው ደግሞ በኮሮና የተሰረዘውን ውድድር ያነሳል። ነገሩ ከሥሩ ሲታይ የሚጀምረው ከሰበታ ሳይሆን ኳስ ከአዲስ አበባ አጥር ለመውጣት ከፈጀባት ረጅም ጊዜ ነው። በየዘመኑ ደግሞ አንድ ጥያቄ አብሮ ይመላለሳል፦ ለቡድኑ የሚከፍለው ማነው?

ከ1928 እስከ 1989፦ ኳስ በመዲናዋ

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ሲመሠረት አገሩ በጦርነት ላይ ነበር። ከድል በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ናቸው። ከጊዮርጊስ ሌላ የጣሊያኖቹ ፎርቲትዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። አምስቱም የአዲስ አበባ ቡድኖች ስለነበሩ የአገር ሻምፒዮና የተባለው ውድድር በተግባር የአንድ ከተማ ውድድር ነበር።

ይህን የሰበሩት የባቡርና የፋብሪካ ከተሞች ናቸው። የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ደጋግሞ ዋንጫ ወሰደ፤ የአስመራ ክለቦችም ዋንጫ አንስተዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነበር። ከመዲናዋ ርቀው ያደጉ ልጆች ባይኖሩበት ያ ቡድን እንደዚያ አይሆንም ነበር።

መዲናዋን የከበቡት ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበሩ። ቡራዩ በጎኗ ያለው የገፈርሳ ግድብ ውኃውን ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ፣ በጎጃም መንገድ ላይ የተዘረጋች ሜዳማ አገር ናት፤ ወተትና ድርቆሽ ታቀርባለች። ሰበታ ትንሽ ትለያለች፤ በ1950ዎቹ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ተተክሎባት ሠራተኛ፣ ደመወዝና የፈረቃ ሰዓት ያላት ከተማ ሆነች። በኢትዮጵያ ኳስ ደግሞ ፋብሪካ ባለበት ብዙ ጊዜ ቡድን አይጠፋም።

በደርግ ዘመን ይህ ይበልጥ ተጠናከረ። ክለብ የሚባለው የመሥሪያ ቤት፣ የሠራዊት ወይም የፋብሪካ ቡድን ሆነ። መቻል የጦሩ፣ ኦሜድላ የፖሊሱ፣ መብራት ኃይል የመሥሪያ ቤቱ ነበር። ተጫዋቹ ሠራተኛ ተብሎ ይቀጠራል፤ ደመወዙ ከሌላው ሠራተኛ ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ይወጣል። ጫማውን ሲሰቅል ወደ ሥራው ይመለሳል።

ከ1990 እስከ 2004፦ ፋብሪካው ሲከፍል

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያው ሻምፒዮን መብራት ኃይል ነበር። ሊጉ አዲስ ቢባልም የክለቦቹ ስም ዝርዝር አሮጌውን ሥርዓት ያሳያል፤ ባንክ፣ መድን፣ ጦሩ፣ ሲሚንቶ፣ ስኳር፣ ቢራ። ሙገር ሲሚንቶ፣ መተሐራ ስኳር፣ ሐረር ቢራ ሁሉም በየጊዜው በሊጉ ተሰልፈዋል። የሰበታው ፋብሪካም በሜታ አቦ ቢራ ስም ትልቁ ሊግ ደርሶ ተጫውቷል። ስለዚህ ሰበታ የሊጉን ሽታ መጀመሪያ ያወቀችው በማዘጋጃ ቤቷ ሳይሆን በቢራ ፋብሪካዋ በኩል ነው።

የፋብሪካ ቡድን ጥቅሙ ግልጽ ነው። ፋብሪካው ምርቱን እስከሸጠ ድረስ ደመወዝ በወሩ ይወጣል፤ አውቶቡስ አለ፤ ክሊኒክ አለ፤ አንዳንዱ ጋ ሜዳም በግቢው ውስጥ አለ። ጉዳቱ ደግሞ የቡድኑ ዕድሜ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ባለቤቱ መንግሥት እስከሆነ ድረስ ይህ ብዙም አላሳሰበም።

ለውጡ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። የመጀመሪያው ከሐዋሳ ነው። በከተማው አስተዳደር የሚደገፈው ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ከተማ፣ ፋብሪካም ጦርም ሳይኖረው፣ በማዘጋጃ ቤት ገንዘብና በከተማው ደጋፊ ዋንጫ ማንሳት እንደሚችል ታየ። ከንቲባዎች ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ዋንጫ የያዘ ቡድን በየሳምንቱ የከተማውን ስም በሬዲዮ ያስጠራል።

ሁለተኛው አቅጣጫ የፋብሪካዎቹ ሽያጭ ነው። በ2003 ዓ.ም. ክረምት የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎች ለሄኒከን ተሸጡ። በጥር 2004 ዓ.ም. ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ለአዲሱ ባለቤት ቢራ መሸጫ መንገዱ ማስታወቂያ ነው፤ ሃያ አምስት ተጫዋች በደመወዝ መዝገብ ላይ መያዝ ከሥራው ውስጥ አይቆጠርም። በየቦታው የፋብሪካ ክለቦች አንድ በአንድ ከትልቁ ሊግ ራቁ። ባዶውን ቦታ የያዙት በስማቸው መጨረሻ «ከተማ» የሚል የተጨመረባቸው ክለቦች ናቸው።

ከ2004 እስከ 2011፦ ማዘጋጃ ቤቱ ሲረከብ

በዚህ መሐል የዳር ከተሞቹ ራሳቸው ተለወጡ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ጎረቤቶቻቸው ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ክልል ፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ሥር ተደራጁ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲወደድ ሰው ወደ ዳር ወጣ፤ ፋብሪካና መጋዘንም ተከተለው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሚነሳው ከሰበታ ነው። የነዋሪው ቁጥርና የግብሩ ገቢ ሲያድግ የከተማው በጀት አደገ፤ በጀቱ ሲያድግ ለስፖርት የሚመደብ ተገኘ።

በ2008 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ውድድር በከፍተኛ ሊግ ስም ሲደራጅ የሦስቱ ከተሞች ስም እዚያ ውስጥ ይገኝ ነበር፤ ሰበታ ከተማ፣ ቡራዩ ከተማ፣ ሱሉልታ ከተማ። ለሱሉልታ እንኳ ኳስ ሁለተኛ ስፖርቷ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሜዳዋ ከንጋት ጀምሮ የሯጭ ነው። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚያ ነው፤ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህም ለልምምድ የመጣው ወደዚያው ነው። ሯጭ አሠልጣኝና ጥቂት መንገድ ካገኘ ዓለምን ይሞግታል። የኳስ ቡድን ግን ሃያ አምስት ሰው፣ አንድ አውቶቡስ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሆቴልና በየወሩ ደመወዝ ይፈልጋል። በአንድ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በሩጫ ዓለም ሲያውቃቸው በኳስ ሁለተኛው እርከን ላይ የቆዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የከተማ ክለብ አሠራር ከቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የተጫዋቾች ዝውውርም የሚጧጧፈው በዚያው ክረምት ነው። ስለዚህ ክለቡ ተጫዋች የሚያስፈርመው ምክር ቤቱ ገና በጀት ባጸደቀበት ወይም ሊያጸድቅ በተቀመጠበት ሰሞን ነው፤ ገንዘቡ ብዙ መስሎ የሚታየውም ያኔ ነው። ውሉ ባብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ፊርማው ሐምሌና ነሐሴ ላይ በአንድ ጊዜ ይፈጸማል፤ ደመወዙ ግን እስከ ሰኔ በየወሩ ይጠበቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የመንገድና የውኃ ፕሮጀክት፣ የመምህር ደመወዝና የኳስ ተጫዋች ደመወዝ አንድ ካዝና ፊት ይሰለፋሉ። የከንቲባ መቀያየር ሲጨመርበት ክለቡ በነሐሴ የገባውን ቃል የሚያስታውስ ሰው እስከማጣት ይደርሳል። ደመወዝ ለወራት መዘግየት፣ ልምምድ ማቆምና ለፌዴሬሽን አቤት ማለት በእነዚህ ዓመታት በብዙ ክለቦች ሲደጋገም ታይቷል።

የዋጋው መናርም ሌላ ጉዳይ ነበር። ከተሞች እርስ በርስ ሲፎካከሩ የተጫዋች ወርኃዊ ክፍያ እያሻቀበ ሄዶ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተሰብስበው ጣሪያ አበጁለት፤ ለአንድ ተጫዋች በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ያ ውሳኔ ሲተላለፍ ሰበታ ከተማ ወደ ትልቁ ሊግ ለመመለስ ሻንጣውን እያዘጋጀ ነበር። ክለቡ ቀደም ባሉ ዓመታት ሊጉን ቀምሶ ወርዶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊጉ ከሀዲያ ሆሳዕና እና ከወልቂጤ ከተማ ጋር አለፈ።

2012፦ ያላለቀው ዓመት

የ2012ቱን ሊግ ዝርዝር ለጨበጠ ሰው የአገሪቱ ኳስ ምን ያህል እንደተዘዋወረ ይገባዋል። ከ16ቱ ክለቦች የአዲስ አበባ የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና። መከላከያ (የቀድሞው መቻል) እና ደደቢት በ2011 ዓ.ም. ወርደዋል። የቀሩት ከመቐለ እስከ ሆሳዕና፣ ከባሕር ዳር እስከ ድሬዳዋ የተዘረጉ ናቸው። ከመካከላቸው ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ስም ይዞ በትልቁ ሊግ የሚጫወት ቡድን። አንዱ በዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው በደጋፊ ማኅበር፣ ብዙዎቹ በከተማና በዞን አስተዳደር ይቆማሉ። ፋብሪካው ከዝርዝሩ ጠፍቷል።

ሰበታ ለዚህ ዓመት የመጣው ለማሟያ አልነበረም። አሠልጣኝ አድርጎ የቀጠረው ውበቱ አባተን ነው። ውበቱ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን ለመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫው ያበቃ፣ በ2011 ደግሞ ፋሲል ከነማን ይዞ ለዋንጫው እስከ መጨረሻው ሳምንት ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር የተናነቀ አሠልጣኝ ነው። ኳስ ከኋላ መሥርቶ፣ በአጭር ቅብብል መሐሉን ተቆጣጥሮ የሚጫወት ቡድን ይወዳል። አዲስ ያደገ ክለብ ብዙ ጊዜ በመከላከልና በረጅም ኳስ ነፍሱን ሊያተርፍ ይሞክራል፤ ሰበታ በተቃራኒው ኳስ የሚይዝ ቡድን ለመሥራት ተነሳ። ለአንድ የዳር ከተማ ይህ ደፋር ምርጫ ነበር።

በዚያው ዓመት የሊጉ አስተዳደርም ተለወጠ። ውድድሩን መምራት ከፌዴሬሽኑ ወደ ክለቦቹ የአክሲዮን ማኅበር ተሸጋገረ። ክለቦች በስብሰባ ላይ ባለድርሻ ሆኑ፤ ሊጉን እንደ ምርት መሸጥ የሚቻልበት በር ተከፈተ።

ከዚያ መጋቢት መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ተጠቂ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ሊጉ ቆመ። ሁለተኛው ዙር ገና እየተሟሟቀ ነበር። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ በሚያዝያ ማብቂያ ውድድሩ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ሻምፒዮን አልተባለም፤ የወረደም የለም። የሰበታ የመመለሻ ዓመት በሠንጠረዥ ላይ ውጤት ሆኖ ሳይመዘገብ ቀረ።

ለአዲስ መጤ ክለብ መሰረዙ ሁለት ፊት ነበረው። አንደኛው እፎይታ ነው፤ የመውረድ ስጋት ሳይኖርበት ለሌላ ዓመት በሊጉ መቆየቱን አረጋገጠ። ሁለተኛው ኪሳራ ነው። ለአሥር ወር የታሰበው ወጪ ጨዋታ ሳይኖር ቀጠለ። ቡድኑ መዋሐድ በጀመረበት ሰሞን ተበተነ። በእንደዚህ ዓይነት ክለብ አንድ ክረምት ካለፈ ያው ቡድን ተመልሶ አይገኝም።

2013፦ የአሠልጣኞች ልውውጥና የካሜራው መምጣት

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ውበቱ አባተን የብሔራዊ ቡድኑ፣ የዋሊያዎቹ፣ አሠልጣኝ አድርጎ ሾመ። ቦታው ክፍት የሆነው የአብርሃም መብራቱ ውል አልቆ ባለመታደሱ ነበር። አብርሃም የመንን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ ያሳለፈ፣ ከዚያም ወደ አገሩ ተመልሶ ብሔራዊ ቡድኑን የያዘ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ እሱ ራሱ ሰበታ ገባ። በአንድ ክረምት የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ወደ ሰበታ፣ የሰበታው ወደ ብሔራዊ ቡድን ተዘዋወሩ። ወደ ሊጉ ከተመለሰ ሁለት ዓመት ያልሞላው ክለብ የአገሪቱን ሁለት ትልልቅ አሠልጣኞች በተከታታይ ማስፈረሙ የዚያን ጊዜ የከተማ በጀት ምን ያህል እንደተዘረጋ ይናገራል።

ውበቱ ከዚያ የሄደበት መንገድ ይታወቃል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አቢጃን ላይ በኮትዲቯር ብትሸነፍም ማዳጋስካር ከኒጀር ነጥብ በመጋራቷ ከስምንት ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ተሰለፈች።

ሊጉ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሲመለስ መልኩ ሌላ ነበር። የአክሲዮን ማኅበሩ የቴሌቪዥን መብቱን ለዲኤስቲቪ ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ሊጉ ቤትኪንግ የሚል የስፖንሰር ስም አገኘ። ጨዋታዎች በየከተማው መካሄዳቸው ቀርቶ ሁሉም ክለቦች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ለሳምንታት የሚጫወቱበት አሠራር መጣ። ውድድሩ አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተጓዘ። ለዚህ ወረርሽኙ ምክንያት ነበር፤ ካሜራና የማሠራጫ መኪና በየሳምንቱ ብዙ ከተማ ማዳረስ አለመቻሉም ሌላ ምክንያት። ከዚያ በፊት ባሉ ዓመታት በስታዲየሞች የነበረው ግጭትና የጉዞ ስጋትም ለአሠራሩ ተቀባይነት ረድቷል።

በጥቅምት መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ስለተጀመረ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ አልመጡም። ሊጉ በ13 ክለቦች ተካሄደ። ሦስት ክለቦችና የዩኒቨርሲቲው ስም በአንድ ጊዜ ከሠንጠረዡ ጠፉ።

አዲሱ አሠራር ለሰበታ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የአንድ ተጫዋች ወር ይበቃል። ቡድኑ ሆቴል ይገባል፤ ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት እረፍት፣ በየአምስት ወይም ስድስት ቀኑ ጨዋታ። ባላጋራው ቡድንም ብዙ ጊዜ በዚያው ከተማ፣ አንዳንዴ በአቅራቢያው ሆቴል ነው ያለው። ሜዳው የማንም አይደለም። ስታዲየሙ ባዶ ነው ወይም በጥቂት ሰው የተያዘ ነው። አሠልጣኙ ከተጠባባቂ ወንበር የሚጮኸው ሁሉ በቴሌቪዥን ይሰማል። ሰበታ ያለው ደጋፊ ደግሞ ቡድኑን የሚያየው ዲኤስቲቪ ያስገባ ቡና ቤት ወይም ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ ነው። ክለቡ በታሪኩ እንደዚያ በብዙ ሰው ታይቶ አያውቅም፤ በራሱ ከተማ ግን የዓመቱን አንዲት የሊግ ጨዋታ እንኳ አላደረገም።

ይህ የገቢውን ሚዛን ነካ። የሜዳ መግቢያ ትኬት መጀመሪያም ትልቅ ገንዘብ አልነበረም። ከከተማው ነጋዴ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ግን በየሁለት ሳምንቱ የሚደረገው ጨዋታ ነበር፤ ያን ቀን ሆቴሉ፣ ባጃጁ፣ ቆሎ ሻጩ ሁሉ ከክለቡ ጋር ይገናኛል። ያ ሲቆም ክለቡ ይበልጥ የበጀት ክለብ ሆነ። ከቴሌቪዥኑ የሚደርሰው ድርሻ ረዳ፤ የሆቴሉ ወጪ ደግሞ ከድሮው በላይ ሆነ።

ሜዳው ላይ ግን ዓመቱ አልከፋም። ፋሲል ከነማ በሥዩም ከበደ እየተመራ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ወሰደ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ29 ጎል አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ሰበታ ከወራጅ ቀጠናው በላይ ጨረሰ። ከሱ በታች የቀሩት አዳማ፣ ጅማና ወልቂጤ በክረምቱ ሐዋሳ ላይ በተደረገ የማሟያ ውድድር ነው ቦታቸውን ያዳኑት።

2014፦ ቁልቁለቱ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሊጉ ወደ 16 ክለብ ተመልሶ ሐዋሳ ላይ ጀመረ፤ ከዚያ አዳማና ባሕር ዳር። መከላከያ፣ አርባ ምንጭና አዲስ አበባ ከተማ ከታች አድገዋል። ሰበታ አብርሃም መብራቱን አልያዘም። ከክረምቱ የወጣው ቡድን አሁንም እንደ አዲስ የተሠራ ነበር።

ዓመቱ ለሁሉም ከባድ ነበር። ጦርነቱ ተስፋፍቶ የመንግሥት በጀት ወደዚያ ዞረ፤ የብር የመግዛት አቅም ወረደ፤ ሆቴልና ነዳጅ ጨመሩ። የክለቦች ገንዘብ ግን ክረምት ላይ በጸደቀው ቁጥር ላይ ቆመ። በካዝናው ላይ ብቻ የሚኖር ክለብ ይህን ቀድሞ ይሰማዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የደጋፊ ማኅበርና ስፖንሰር ነበረው፤ መከላከያ ጦሩ ነበረው። ሰበታ የነበረው አንድ ከፋይ ነው።

ሜዳ አልባነቱም ቀጠለ። የሜዳ ጥያቄ በዚያ ዓመት የአገሪቱ ሁሉ ጥያቄ ሆነ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየምን ሲያግድ ዋሊያዎቹም የሜዳቸውን ጨዋታ ውጭ አገር ማድረግ ጀመሩ፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት ማላዊ ውስጥ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ሜዳ ሲያጣ ዓለም አወቀው። ሰበታ ከተማ በከተማው ሳይጫወት ሲቀር ግን የሠንጠረዡ ቁጥር ብቻ ነበር የሚታየው።

በዘሪሁን ሸንገታ የተመራው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአምስት ዓመት በኋላ ዋንጫውን መለሰ። ሰበታ ወረደ። ከሱ ጋር የወረደው ጅማ አባ ጅፋር ታሪኩ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በ2010 ዓ.ም. በመጀመሪያ የሊግ ዓመቱ በገብረመድኅን ኃይሌ አሠልጣኝነት ሻምፒዮን የሆነ የከተማ ክለብ ነው። በአራት ዓመቱ ከሊጉ ጠርዝ ወደቀ። ሁለቱን ክለቦች የወሰዳቸው አንድ ወንዝ ነው፤ በአንድ ክረምት የተገዛ ቡድን፣ የአንድ ዓመት ውል፣ ከታች የሚያሳድግ የወጣቶች ቡድን ሳይኖር የተንጠለጠለ ስም። ገንዘቡ ሲኖር በፍጥነት ያወጣል፤ ሲጎድል የሚይዝ ሥር የለም።

ከ2015 እስከ 2018፦ አንድ አስተዳደር፣ አንድ ስም

ሰበታ በወረደበት ክረምት ሌላ የአዲስ አበባ ጎረቤት ወጣ። ለገጣፎ ለገዳዲ ከኢትዮጵያ መድንና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ለ2015 ዓ.ም. ሊግ አለፈ። ከምዕራቡ ዳር የወጣው ወንበር በምሥራቁ ዳር ተያዘ ማለት ነው። ለገጣፎ ግን ከአንድ ዓመት በላይ አልዘለቀም፤ በዚያው ዓመት ከአርባ ምንጭና ከኤሌክትሪክ ጋር ወረደ። ሰበታ ሦስት ዓመት፣ ለገጣፎ አንድ ዓመት።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የኦሮሚያ ክልል መንግሥት አዲስ አበባን የከበቡትን ከተሞች በአንድ አስተዳደር አዋሐደ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ሌሎችም ሸገር ከተማ በሚባል አንድ ከንቲባና አንድ ምክር ቤት ሥር ገቡ፤ የቀድሞዎቹ ከተሞች ክፍለ ከተማ ሆኑ። ለኳሱ ይህ ትርጉም ነበረው። እስከዚያ ድረስ አራት አምስት ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዱ ለየራሱ ቡድን ትንሽ ትንሽ ይከፍል ነበር። በከፍተኛ ሊጉ የሰበታና የቡራዩ ቡድኖች የአንድ ቀጠና ልጆችን ሲሻሙ ቆይተዋል። አሁን ከፋዩ አንድ ሆነ፤ ሸገር ከተማ በሚል ስም አንድ ክለብ በከፍተኛ ሊጉ ተሰለፈ።

በትልቁ ሊግም ነገሩ ዞረ። በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ፈርሶ እንደገና የተቋቋመው ንግድ ባንክ፣ በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ነው። ሁለቱም የድሮውን ዓይነት፣ በትልቅ ተቋም ትከሻ ላይ የቆሙ ክለቦች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የትግራይ ክለቦች ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲም ተመለሰ። ከሰበታ ጋር በ2011 ያደገው ወልቂጤ ከተማ ደግሞ በዚያው ዓመት ከሊጉ ተሰናበተ። ከሦስቱ የቀረው ሀዲያ ሆሳዕና ብቻ ነበር።

ሸገር ከተማ በ2017 ዓ.ም. ከነገሌ አርሲ ጋር ከከፍተኛ ሊጉ አልፎ የ2018ቱን ፕሪሚየር ሊግ ተቀላቀለ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በየፊናቸው ሞክረውት አንዷ ብቻ የደረሰችበት ደረጃ ላይ በ2018 የተሰለፈው ቡድን የሦስቱንም ነዋሪ በአንድ ይወክላል። በጀቱ ከሰበታው ሊሰፋ ይችላል፤ የሚከፍለው ግን አሁንም ምክር ቤቱ ነው፤ የሚጸድቀውም ሐምሌ ላይ ነው።